ማን ገደለው?

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ ስለ አንድ ቶርኖ ማሽን ላወራችሁ ነው። እንደ እውነቱ ከሆነ ግን ወሬው ስለ ራሴ ችኮላ ነው።

ማሽኑ የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠርለት ድራይቭ አለው። አንድ ቀን ጠዋት ስታርት ሲደረግ ድው አለና ፊውዙ ሄደ። ሽታውን የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

ድራይቭ ወዲያው አይከፈትም። የሚገባለትን ኤሌክትሪክ መጀመሪያ ወደ ዲሲ ይቀይርና ካፓሲተር ውስጥ ያጠራቅመዋል። ከዚያ በትራንዚስተሮች እየቆራረጠ ለሞተሩ ይሰጠዋል። 400 ቮልት ባለ ሦስት ፌዝ ከገባ፣ ውስጥ ያለው ዲሲ 540 ቮልት አካባቢ ነው። ኃይሉ ከተቋረጠ በኋላም ለደቂቃዎች እዚያው ይቆያል። ስለዚህ ጠበቅኩ፤ መውረዱንም በቴስተር አረጋገጥኩ። እዚህ ላይ እንኳን አልቸኮልኩም።

ከዚያ ቴስተሩን ዳዮድ መለኪያው ላይ (ኤሌክትሪክ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ማለፉን የሚያሳየው ላይ) አድርጌ ከዲሲው ፕላስና ማይነስ ወደ ሦስቱ የሞተር መውጫዎች ለካሁ። ጤነኛ ከሆነ በአንድ በኩል 0.4 ቮልት ገደማ ያነባል፣ ሲገለበጥ ምንም። ሁለቱ መውጫዎች ደህና ናቸው። ሦስተኛው ላይ ቴስተሩ ጮኸ። ገለበጥኩት፣ አሁንም ጮኸ። ትራንዚስተሩ ሾርት አድርጓል።

«ሞቷል» አልኩ። እውነቴን ነበር። ማን ገደለው ብዬ ግን አልጠየቅኩም።

አዲስ ድራይቭ ገጠምኩ። ከሞተሩ ታርጋ ላይ አምፔሩን፣ ሄርዙን፣ ዙሩን እያየሁ ሞላሁ። ስታርት ስለው ትንሽ ዞረና ግራውንድ ፎልት፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ወደ መሬት እያፈሰሰ ነው፣ ብሎ ቆመ። ምን አደረግኩ መሰላችሁ? ሪሴት። ደግሜ ሪሴት። ለሦስተኛ ጊዜ እጄን ስሰድ ኦፕሬተሩ ቀስ ብሎ፣ «አለቃ፣ ይሄ እኮ ድሮም ኩላንት ሲበዛ ይቆም ነበር» አለኝ። ኩላንት ብረቱ ሲቆረጥ የሚያቀዘቅዘው ፈሳሽ ነው።

ከጠዋት ጀምሮ አጠገቤ ቆሞ ነበር። የጠየቀው የለም።

የሞተሩን ገመዶች ከድራይቩ ፈታኋቸው። ሜገር (የገመድን ልባስ በከፍተኛ ቮልት የሚፈትሽ መለኪያ) ከመያዛችሁ በፊት ይሄ ግዴታ ነው። የሜገሩ 500 ቮልት ወደ ድራይቩ ከገባ፣ አዲሱንም ከአሮጌው ጋር ትቀብሩታላችሁ። ከገመዶቹ አንዱን ከግራውንድ ጋር ስለካው ንባቡ ዘጭ አለ፤ የሆነ ቦታ ወደ መሬት ያፈሳል ማለት ነው። ሞተሩ ይሆን ገመዱ? የሞተሩን የገመድ ሳጥን ከፈትኩ። ውስጡ ርሷል። ገመዱ የሚገባበት ጎማ ተሰንጥቆ ኩላንቱ በዚያ ሲሰርግ ኖሯል። ገመዱም የሳጥኑ ጠርዝ እየፈገፈገው ልባሱ ተልጦ መዳቡ ይታያል። ሞተሩን ለብቻው ለካሁት፤ ምንም አልሆነም።

ገመዱንና ጎማውን ቀየርኩ፣ ሳጥኑን አደረቅኩ። ሠራ።

ከሳምንት በኋላ አሮጌው ድራይቭ ትዝ አለኝ። የመቆጣጠሪያ ቦርዱ በውጭ 24 ቮልት ለብቻው የሚበራ ዓይነት ነው። ጠረጴዛ ላይ አበራሁትና የፎልት መዝገቡን ከፈትኩ። ግራውንድ ፎልት። ግራውንድ ፎልት። ከላይ እስከ ታች ያው። ከመሞቱ በፊት ስንቴ ነግሮን ኖሯል፤ እኛም ሪሴት ስናደርገው።