ጨውና ስኳር አብረው የሚገቡበት በር

የተከበራችሁ ወላጆችና መምህራን፣ እናንተም የጎንደር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች፣ እንደምን አደራችሁ?

ዛሬ የመጣሁት ስለ ሴል ላወራችሁ ነው። ኦስሞሲስን፣ ማለትም ውሃ ጨው ወይም ስኳር ወደ በዛበት ጎን መሳቡን፣ ለፈተና ሸምድዳችሁ የረሳችሁት ትኖራላችሁ። ለእኔ ግን ልጅ ተቅማጥ ሲይዘው በየቤቱ የሚያስፈልግ እውቀት ነው።

ሴል በስስ የቅባት ሽፋን የተከበበ ነው። ኦክስጅን ሽፋኑን አልፎ ይገባል። ጨውና ስኳር ግን ከፕሮቲን የተሠራ በር ይፈልጋሉ። ሴሉም የጨውና የውሃ ሚዛኑን ለመጠበቅ እረፍት የለውም። እ.ኤ.አ. በ1957 ዴንማርካዊው ሳይንቲስት የንስ ስኩ ይህን ሥራ የሚሠራውን ፓምፕ ለዓለም አስተዋወቀ። ፓምፑ ጉልበት እያወጣ ጨው ውስጥ ካለው ማዕድን፣ ከሶዲየም፣ 3 ወደ ውጭ፣ ፖታሲየም ከተባለው ሌላ ማዕድን ደግሞ 2 ወደ ውስጥ ያመላልሳል። ቢቆም ሴሉ ውሃ እየሞላ ያብጣል።

አሁን ወደ አንጀት እንምጣ፤ ዋናው ጉዳይ እዚህ ነው። ፓምፑ ሶዲየምን ስለሚያስወጣ በአንጀት ሴል ውስጥ ሶዲየም ያንሳል። ስለዚህ አንጀት ውስጥ ያለው ሶዲየም ለመግባት ይገፋል። ግሉኮስ የተባለው ስኳር አብሮት ሲኖር አንድ ልዩ በር ሁለቱንም ያስገባቸዋል፤ ውሃም ይከተላቸዋል። ይህን እ.ኤ.አ. በ1960 ያስረዳው አሜሪካዊው ሳይንቲስት ሮበርት ክሬን ነው። ኮሌራ አንጀት ጨውና ውሃ እንዲያፈስ ያደርጋል። ይህን በር ግን አይዘጋውም! ኦአርኤስ፣ ማለትም ለተቅማጥ በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣው የጨውና የስኳር ዱቄት፣ የሚያድነው በዚሁ ነው። ስኳሩ ለማጣፈጫ የገባ አይደለም፤ ጨውን ይዞ ለመግባት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1971 የባንግላዴሽ ስደተኞች በሰፈሩበት የህንድ ድንበር ኮሌራ ገባ። በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ አለቀ። ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስ ጨውና ግሉኮስ በውሃ በጥብጦ በአፍ አስጠጣ። ከ100 ሕሙማን እስከ 30 ይሞቱ የነበሩት ከ4 በታች ወረዱ። ይህን ታሪክ ባነሳሁ ቁጥር ልቤ ይነካል።

እናቶቼ፣ ልጁ እንዲወደው ብላችሁ ኦአርኤሱ ላይ ስኳር አትጨምሩበት። ስኳር ሲበዛ ውሃን ከሰውነት ወደ አንጀት ይስባል፤ ተቅማጡም ይብሳል። ኦስሞሲስ ማለት ይኸው ነው። የ1 ሊትሩን ፓኬት በሙሉ፣ በ1 ሊትር ንጹህ ውሃ በጥብጡት። የ1 ሊትር ሃይላንድ ጥሩ መለኪያ ነው። 24 ሰዓት ያለፈውን ድፉት። ጡት አታቋርጡ። ልጁ መጠጣት ካቃተው፣ ከፈዘዘ ወይም ደም ከታየ ሳትውሉ ሳታድሩ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተከፈተባት ከተማ ናት፤ በ1947 ዓ.ም.። ከዚህ የሠለጠኑ የጤና መኮንኖች፣ ነርሶችና ሳኒቴሪያኖች ገጠር ድረስ ወርደው ሠርተዋል። ተማሪዎች፣ እናንተም በየሰፈራችሁ ለአንድ እናት አሳዩልኝ። በጥብጣችሁ፣ ለክታችሁ፣ ለምን እንደሚሠራም አስረድታችሁ። ፓኬቶቹ ጠረጴዛው ላይ ናቸው፤ ስትወጡ አንድ አንድ ያዙ።

አመሰግናለሁ።