ኮምፕሬሰር ከመግዛታችሁ በፊት ባትሪያችሁን እዩ

[ምስል፦ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ፣ አንድ ጎኑ የጠቆረ ትንሽ ኮምፕሬሰር]

ይህን ዕቃ ያመጣችልኝ ቨርጂኒያ የምትኖር የአክስቴ ልጅ ናት። ከሻንጣዋ አውጥታ ስትሰጠኝ «አንተ ሁሌ በረሃ ነህ፤ ጎማህን በዚህ ትነፋለህ» አለችኝ። ደስ የሚል ዕቃ ነበር። ቱቦው ረጅም፣ ቦርሳው ጠንካራ፣ ሳጥኑ ላይ ደግሞ በትልልቁ «150 ፒኤስአይ» ተጽፎበታል፤ ፒኤስአይ የነፋስ ግፊት መለኪያ ነው። የእኔ የጭነት መኪና ጎማ የሚፈልገው 110 ነው። ተርፎኛል ብዬ ከመቀመጫዬ ጀርባ አስቀመጥኩት።

ገዋኔን እንዳለፍን ከተሳቢው ጎማዎች አንዱ ነፋስ አንሶት አገኘነው። ጊዜው ደረሰ ብዬ ኮምፕሬሰሩን አወጣሁ፤ ሁለቱን የባትሪ መቆንጠጫዎች አስያዝኩና ማብሪያውን ተጫንኩ። እንዲያ ያለ ጉልበት አይቼ አላውቅም። ጮኸ፣ አፈሩ ላይ ዘለለ፣ የመለኪያው ቀስት ተንቀጠቀጠ። ረዳቴ «ጋሼ፣ ኃይለኛ ነው!» አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ጋሼ፣ ይሸታል» አለ።

ሥራ የጀመረበትም ጡረታ የወጣበትም ቀን ያ ነበር።

ጥፋቱ የዕቃው አይደለም፤ የእኔ ነው። ኮምፕሬሰሩ የተሠራው ለ12 ቮልት ነው፤ የእኔ መኪና 24 ቮልት ነው። አገራችን የሚሠሩት የቻይና፣ የአውሮፓና የጃፓን ከባድ መኪኖች በአብዛኛው ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪ ተከታትለው ተያይዘውላቸው 24 ቮልት ይሰጣሉ። ፒክአፕና የቤት መኪና ግን 12 ነው። የአሜሪካ ከባድ መኪናም 12 ነው፤ ሦስት አራት ባትሪ ተደርድሮ ብታዩ እንኳ ጎን ለጎን ስለሚያያዙ ቮልቱ አይጨምርም። ስለዚህ የባትሪ ብዛት ቆጥራችሁ አትወስኑ። መለኪያ ከሌላችሁ ቀላሉ ዘዴ ይህ ነው፦ የፍሬቻውን አምፖል ንቀሉና ቂጡ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። 12 ወይም 24 ይላል።

[ምስል፦ በጣት የተያዘ የፍሬቻ አምፖል፣ ጽሑፉ በቅርበት]

«ታዲያ ከሁለቱ ባትሪዎች አንዱን ብቻ ብጠቀምስ?» የሚል ሰው አይጠፋም። ይሠራል። ነገር ግን ከአንዱ ባትሪ ብቻ በቀዳችሁ ቁጥር ሁለቱ እኩል መሆናቸው ይቀራል። ሲሞሉም አንዱ ይጠግባል፣ ሌላው ይራባል፤ ዕድሜያቸው ያጥራል። ባለ 24 ቮልት ኮምፕሬሰር ገበያ ላይ አለ፤ እሱን ጠይቁ። ከውጭ የሚመጣላችሁ ዕቃ ግድግዳ ላይ የሚሰካ ከሆነ ደግሞ የአሜሪካው ቤት 110 ወይም 120 ቮልት፣ የእኛ 220 መሆኑን ለላኪው አስቀድማችሁ ንገሩ። እኔ የአክስቴን ልጅ አስቀድሜ አልነገርኳትም፤ ዕዳዬን ከፍያለሁ።

አሁን ወደዚያ ትልቅ ቁጥር እንምጣ። 150።

ሻጮች ሁሉ ይህን ቁጥር ነው የሚያሳዩአችሁ። በኪስ የሚያዘውም፣ ከምሳ ዕቃ የማይበልጠውም 150 ተጽፎበታል። ውሸት ላይሆን ይችላል። ሆኖም ቁጥሩ የሚነግራችሁ ማሽኑ ሊደርስበት የሚችለውን ጣሪያ እንጂ እስከዚያ ለመድረስ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅበት አይደለም። እኔ ሱቅ ስገባ የምጠይቀው ሌላ ሁለት ጥያቄ ነው፦ በደቂቃ ስንት ሊትር ይነፋል? ስንት ደቂቃ ሠርቶ ስንት ደቂቃ ያርፋል?

እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራው።

[ምስል፦ በካርቶን ላይ በእስክሪብቶ የሚጻፍ ስሌት]

የአንድ ትልቅ መኪና ጎማ ውስጡ 140 ሊትር ያህል ይይዛል እንበል። ነፋሱ 90 ላይ ወርዷል፤ 110 ልናደርሰው ነው። የጎደለው 20 ፒኤስአይ ወደ 1.4 ባር ይጠጋል። ባርም የግፊት መለኪያ ነው፤ አንድ ባር ወደብ ላይ ካለው የአየር ግፊት ጋር ስለሚቀራረብ፣ ለእያንዳንዱ ባር የጎማውን ይዘት ያህል የውጭ አየር ማስገባት አለብን። 1.4ን በ140 ስናባዛ 196 ሊትር ይመጣል። ሳጥኑ «በደቂቃ 35 ሊትር» ካለ፣ በወረቀት ላይ ስድስት ደቂቃ አይሞላም። ግን ያ 35 ሊትር የተለካው ቱቦው ከምንም ጋር ሳይያያዝ፣ ማሽኑ ባዶ አየር ላይ ሲተነፍስ ነው። 90 እና 100 ፒኤስአይ እየገፋው ሲሠራ ግማሹንም ላይሰጥ ይችላል። ስለዚህ አንድ ጎማ፣ ያውም ጥቂት ለጎደለው፣ ከ10 ደቂቃ በላይ ያዙለት።

ሁለተኛው ጥያቄ እዚህ ላይ ይመጣል። ጥሩ አምራች መመሪያው ላይ «በ100 ፒኤስአይ 33 በመቶ» የሚል ነገር ይጽፋል። ትርጉሙ ከግማሽ ሰዓት ውስጥ 10 ደቂቃ ይሠራል፣ 20 ደቂቃ ይቀዘቅዛል ማለት ነው። አራት ጎማ ከጎደለባችሁ እንግዲህ ሁለት ሰዓት ያህል መንገድ ዳር ናችሁ። ባለ 22 ጎማ መኪናና ተሳቢ ይዞ ለሚጓዝ ሰው ይህ ቀልድ አይደለም። 100 በመቶ የሚሉም አሉ፤ ሳያርፉ የሚሠሩ ማለት ነው። ይከብዳሉ፣ ይወደዳሉ፤ ለትልቅ ጎማ ግን እነሱ ናቸው። መመሪያው ስለ ዕረፍት ምንም የማይል ዕቃ ካጋጠማችሁ፣ እኔ ብሆን እዚያው መደርደሪያው ላይ እተወዋለሁ።

ከፍታም አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ያልፋል፤ የአየሩ ግፊት ከጅቡቲ ወደብ ግፊት በሩብ ገደማ ያንሳል። ኮምፕሬሰሩ በአንድ ትንፋሽ የሚስበው አየርም የዚያኑ ያህል የሳሳ ነው። ወደብ ላይ በፍጥነት የሚነፋ ማሽን እንጦጦ ላይ ይልፈሰፈሳል፤ ጣሪያው ራሱ ይወርዳል። ደጋ የምትሠሩ ከሆነ ከሚያስፈልጋችሁ አንድ ደረጃ ከፍ ያለውን ግዙ።

[ምስል፦ በሲጋራ መለኮሻ ላይ የተሰካ ገመድ]

ስለ መሰኪያውም ላንሳ። የሲጋራ መለኮሻ ፊውዙ ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 20 አምፔር ነው። 15 አምፔር በ12 ቮልት ሲባዛ 180 ዋት ይሆናል፤ ለቤት መኪና ጎማ በቂ ነው። 30 አምፔር የሚስብ ኮምፕሬሰር ግን እዚያ ላይ ከሰካችሁት ፊውዙን ትበላላችሁ። ትልቁ ሁሉ በመቆንጠጫ በቀጥታ ከባትሪ ነው የሚያያዘው፤ የመኪናው ሞተርም እየሠራ መሆን አለበት።

ፒክአፕ ያላችሁ ሰዎች፣ ለእናንተ ነገሩ ቀላል ነው። ጎማችሁ ከ30 እስከ 40 ቢፈልግ ነው፤ ጭነት ሲበዛ የኋላው ትንሽ ይጨምራል። አሸዋ ላይ ለመንዳት ነፋስ ቀንሳችሁ አስፋልት ስትወጡ መልሳችሁ የምትሞሉ ካልሆናችሁ በስተቀር መካከለኛ ባለ 12 ቮልት ይበቃችኋል። አሜሪካ ሆናችሁ ትልልቅ የጉዞ ቤት መኪና የምትነዱ ደግሞ ስሙ ቤት ቢሆንም ጎማው የጭነት መኪና ጎማ ነው፤ ከ80 እስከ 120 የሚጠይቁ አሉና ከላይ ያለው ስሌት ለእናንተም ይሠራል።

አሁን ሻጮች የማይወዱትን ልናገር። መኪናችሁ ፍሬኑ በነፋስ የሚሠራ ከሆነ ኮምፕሬሰር አትግዙ። መኪናው ላይ አንድ አላችሁ። ሞተሩ ላይ ተገጥሞ ቀኑን ሙሉ ታንክ ሲሞላ የሚውለው እሱ ነው፤ ጉልበቱም በእጅ ከምትይዙት ጋር አይወዳደርም። በብዙ ሞዴሎች አየር ማድረቂያው ወይም ታንኩ አጠገብ፣ ክዳን ያለው ነፋስ መውሰጃ አፍ አለ። የሚያስፈልጋችሁ ከዚያ አፍ ጋር የሚገጥም ማያያዣና እስከ መጨረሻው የተሳቢ ጎማ የሚደርስ ጠንካራ ቱቦ ነው።

ሁለት ነገር ብቻ ልብ በሉ። አንደኛ፣ የብዙዎቹ ታንክ የሚሞላው ወደ 8 ባር አካባቢ፣ ማለትም 116 ፒኤስአይ ያህል ነው። 110 ለመድረስ መጨረሻው ላይ ይንቀራፈፋል፤ ታገሡት። ሁለተኛ፣ ታንኩ ሞልቶ «ጺስ» ብሎ ካስተነፈሰ በኋላ ቱቦውን ብታያይዙ፣ ኮምፕሬሰሩ መንፋት ስለሚያቆም ምንም ላይመጣ ይችላል። ብዙ ሾፌር «ይህ አፍ አይሠራም» ብሎ የተወው በዚህ ምክንያት ነው። ከጎማው ሥር ታኮ አድርጉ፣ ፍሬኑን ደጋግማችሁ ረግጣችሁ ታንኩን አጉድሉት፤ ኮምፕሬሰሩ እንደገና መንፋት ሲጀምር ነፋሱ በቱቦው ይመጣል።

[ምስል፦ ጥንድ የኋላ ጎማ፤ እጅ በቸርኬው ቀዳዳ ገብቶ የውስጠኛውን ቫልቭ ሲፈልግ]

ይህን እጅ እዩ። የውስጠኛው ጎማ ቫልቭ ጋ ለመድረስ ስንት ቆዳ እንደተላጠ ጎሚስታዎች ያውቃሉ። ከኮምፕሬሰር ጋር የሚመጣው ተጠምዝዞ የሚገባ የቱቦ ጫፍ እዚህ አይገባም፤ ቢገባም ስታወጡት የሞላችሁት ነፋስ ይወጣል፣ ነሐሱም ግሎ ጣት ያቃጥላል። አንገቱ ረጅም፣ ሁለት አፍ ያለው፣ አንዱ ወደ ፊት ሌላው ወደ ኋላ የሚያይ ጫፍ አለ። እሱን ለብቻው ግዙ። መለኪያም እንዲሁ። ማሽኑ ላይ ያለውን ቀስት አትመኑ፤ እየነፋ ሳለ የሚያሳየው የቱቦውን ግፊት እንጂ የጎማውን አይደለም። ማሽኑን አጥፍታችሁ በእጅ መለኪያ ለኩ።

የምትለኩት ደግሞ ጠዋት፣ ጎማው ሳይግል ነው። ሚሌ ላይ ቆማችሁ 125 ብታዩ አትደንግጡ፤ ነፋስም አታስተንፍሱ። ጎማ ሲሮጥ ይግላል፣ ሲግል ግፊቱ ይጨምራል፤ አምራቹ ያንን አስቦ ነው የብርዱን ቁጥር የሰጣችሁ። ከፍታው ራሱ ይጫወትባችኋል። አዲስ አበባ 100 ያሳየ ጎማ ሙቀቱ ባይለወጥ ጅቡቲ ላይ ሦስት ተኩል ያህል ቀንሶ ያሳይ ነበር። የ20 ዲግሪ ሙቀት ልዩነት ግን ሰባት ያህል ይጨምርበታል። ቀኑን ሙሉ ከቁጥሩ ጋር ስትጣሉ ብትውሉ ማታ ሲበርድ ጎማው ጎድሎ ታገኙታላችሁ።

እዚህ ላይ ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ፤ ቀልዱን እንተወው። ጎማው ከሚገባው ነፋስ ሃያ በመቶ ጎድሎ፣ ማለትም 110 የሚፈልገው ከ88 በታች ወርዶ ሲነዳ ከቆየ፣ መንገድ ላይ አትሙሉት። ጎኑ ውስጥ ያለው የብረት ክር ተጎድቶ ሊሆን ይችላል፤ ስትነፉት እንደ ዚፕ ተተርትሮ ይፈነዳል። ቀለበት ያለው የድሮ ቸርኬ ከሆነማ ቀለበቱ ተወርውሮ ሰው ይገድላል። ፈታችሁ ስኮርታውን ግጠሙ፤ የተጎዳውን ጎሚስታ ብረት ቀፎ ውስጥ አስገብቶ ይንፋው። ጤነኛ ጎማ ስትሞሉም ከፊቱ አትቀመጡ። ሦስት ሜትር ያህል ቱቦ፣ ቫልቩን ነክሶ የሚይዝ ጫፍ፣ እናንተ ወደ ጎን ፈቀቅ። ረዳታችሁንም ፈቀቅ አድርጉት፤ ከፊቱ የሚቀመጠው ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

[ምስል፦ የጠቆረው ኮምፕሬሰር፤ ቱቦው የለም]

ይህን እስካሁን ያልጣልኩት ለዚህ ቪዲዮ ብዬ አይደለም። ቱቦው ጥሩ ነበርና ረዳቴ ፈትቶ ማያያዣ አበጀለት፤ አሁን ከመኪናዬ ታንክ ነፋስ የምወስደው በእሱ ነው። የአክስቴ ልጅ በደወለች ቁጥር «ያ ያመጣሁልህ ዕቃ ይሠራል?» ትለኛለች። ይሠራል እላታለሁ። የትኛው ክፍሉ እንደሆነ ገና አልነገርኳትም።