ባርባራ ጆርዳን፦ ከምግብ ጠረጴዛ እስከ ቴክሳስ ሴኔት

ሰላም ወዳጆቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ! ዛሬ የማወራችሁ በጠበቃነት ጀምራ ሕግ አውጪ ስለሆነች ሴት ነው። ባርባራ ጆርዳን ትባላለች። ዓመቶቹንም ቀኖቹንም የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፣ ይያዝልኝ።

ጆርዳን በ1936 ቴክሳስ ውስጥ፣ ሂዩስተን ከተማ ተወለደች። አባቷ የባፕቲስት ሰባኪ ነበር። በ1959 ከቦስተን ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመረቀች። ከዚያ ወደ ሂዩስተን ተመለሰች። ቢሮ የላትም። ጥብቅናውን የጀመረችው ወላጆቿ ቤት፣ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ነው። አስቡት እስቲ! ቤተሰብ የሚበላበት ጠረጴዛ ላይ የሰው ጉዳይ ይዘረጋል።

ታዲያ ጠበቃ የሆነ ሰው ምክር ቤት መግባት ለምን ያምረዋል? በጣም የምወደው ምሳሌ አለኝ። ጣሪያው የሚያፈስ ቤት አስቡ። ዝናቡ ይወርዳል፣ ውሃው አልጋው ላይ ጠብ ጠብ ይላል። ጠበቃ ማለት ባልዲ ይዞ የሚደርስ ሰው ነው። ያ ቤተሰብ ያቺን ሌሊት ሳይረጥብ ያድራል። ትልቅ ነገር ነው፤ ባልዲ ያዡን እንዳትንቁብኝ! ግን ጎረቤትም ያፈሳል። ከጎረቤት ቀጥሎ ያለውም ያፈሳል። ጣሪያውን ሁሉ የመታው አንድ ሰው ነዋ! ሁሉም ቤት ላይ ያው ቀዳዳ። ባልዲ ያዡ ከቤት ቤት ሲሮጥ ይነጋበታል። ሕግ አውጪ ደግሞ መሰላል ወጥቶ ቀዳዳውን የሚደፍነው ነው። ግን ልብ በሉ፣ መሰላሉን የሚይዙለት ሰዎች ያስፈልጉታል። ብቻውን ከወጣ ይወድቃል። ደግሞ እኔን ብትጠይቁኝ ባልዲ ይዞ የማያውቅ ሰው ጣሪያ ላይ ቢወጣም ቀዳዳው የት እንዳለ አያውቅም። ጆርዳን ታውቅ ነበር።

እሺ፣ ወደ ምርጫው። በ1962 ለቴክሳስ የተወካዮች ምክር ቤት ተወዳደረች፣ ተሸነፈች። በ1964 ደገመች፣ ተሸነፈች። በ1966 ለቴክሳስ ሴኔት ተወዳደረች፣ አሸነፈች።

እዚህ ጋ ቆም እንበል። ስለ እሷ ባነሳሁ ቁጥር ብዙዎቻችሁ አንድ ነገር ትጽፉልኛላችሁ፦ «ተስፋ ስላልቆረጠች ነው ያሸነፈችው።» አዎ፣ አልቆረጠችም። ግን ይሄ አባባል ዋናውን ነገር ይሸፍንብናል። ሁለት ጊዜ የተሸነፈችው ድክመት ኖሮባት አይደለም። የምርጫው አሠራር ነው የጣላት! ያኔ ለተወካዮች ምክር ቤት ድምፅ የሚሰጠው መላው ሃሪስ ካውንቲ ነበር፤ ካውንቲ ማለት በግዛቱ ሥር ያለ አስተዳደር ነው፣ ሂዩስተን ያለችውም እዚሁ ሃሪስ ውስጥ ነው። የሚያውቋት ሰፈሮች ቢመርጧትም ድምፃቸው በካውንቲው ብዛት ይዋጣል።

[ካርታው ይታያል]

ሴኔቱማ ይብሳል። የቴክሳስ ሕገ መንግሥት አንድ ካውንቲ ከአንድ ሴናተር በላይ እንዳይኖረው ይከለክል ነበር። በ1960ው ቆጠራ ቴክሳስ 9.5 ሚሊዮን ሕዝብ ነበራት፤ ሴናተሮቿ 31። ብታካፍሉት ለአንድ ሴናተር 300,000 ሰው ገደማ ይደርሳል። ሃሪስ ካውንቲ ግን ብቻውን ከ1.2 ሚሊዮን በላይ ሰው ይዞ አንድ ሴናተር! ፍትሕ ነው ይሄ?

በ1964 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሬይኖልድስና ሲምስ በተባለው ክርክር የግዛት ምክር ቤቶች መቀመጫ በሕዝብ ቁጥር ይደልደል አለ። በ1965 የፌደራል ፍርድ ቤት ያንኑ ቴክሳስ ላይ አዋለው። ሃሪስ ካውንቲ ተጨማሪ መቀመጫ አገኘ። 11ኛው የምርጫ ክልል እንደ አዲስ ሲሰመር ድሮም ድምፅ የሰጧት ሰፈሮች እዚያ ውስጥ ተሰባሰቡ። ለመምረጥ ይከፈል የነበረው ግብርም በ1966 ቀረ። ስለዚህ «ጽናት ብቻ ነው» ስትሉኝ ያንን ክርክር በፍርድ ቤት ያካሄዱትን ሰዎች እየረሳችኋቸው ነው። እነሱም ጠበቆች ነበሩ!

በዚህ መንገድ ከ1883 ወዲህ ቴክሳስ ሴኔት የገባች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሆነች። ከጥቁር ሴቶች ደግሞ ከናካቴው የመጀመሪያዋ። (ይሄ ሴኔት በቴክሳስ ዋና ከተማ በኦስቲን ያለው ነው፤ ከዋሽንግተኑ ጋር እንዳታምታቱት።) ደመወዙ ያኔ በዓመት 4,800 ዶላር ነበር። መደበኛው ጉባኤ በሁለት ዓመት አንዴ ነው፣ ቢበዛ 140 ቀን። ጠበቆች እዚያ የሚበዙት አንድም ለዚህ ነው፤ የራሱ ሥራ የሌለው ሰው እንዴት ይኖራል?

አሁን መሰላል ያዦቹን አስታውሱልኝ። በዚያ ሴኔት የያኔ ልማድ (እስከ 2015 ቆይቷል) አንድ የሕግ ረቂቅ ለውይይት እንዲቀርብ የሁለት ሦስተኛው ድጋፍ ያስፈልግ ነበር። ከ31ዱ 11 ሰው እምቢ ካለ ረቂቁ ቆመ ማለት ነበር። የመራጮችን ምዝገባ የሚያከብድ ረቂቅ ሲመጣ ጆርዳን መድረክ ላይ ወጥታ አልጮኸችም። ባልደረቦቿን አንድ በአንድ አናገረች፣ የሚያስፈልጋትን ድምፅ ቆጠረች፣ ረቂቁን አስቆመችው። ያ ድምጿ እንደ ነጎድጓድ ነው ይባላል፤ እኔ ግን ይበልጥ የማደንቃት በዚህ ቆጠራዋ ነው። በቴክሳስ የመጀመሪያው የዝቅተኛ ደመወዝ ሕግ ሲወጣም ከፊት ከተሰለፉት አንዷ ነበረች።

በ1972 ባልደረቦቿ የሴኔቱ ጊዜያዊ ፕሬዚዳንት አድርገው መረጧት። ሰኔ 10 ቀን አገረ ገዥውም ምክትሉም ከግዛቱ ወጡ፤ ለአንድ ቀን ተጠባባቂ አገረ ገዥ ሆነች። አባቷ ይህን ለማየት በቃ፣ በማግስቱም አረፈ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ የዋሽንግተኑን የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫ አሸነፈች።

በ1974 በፕሬዚዳንት ኒክሰን ክስ ላይ ያደረገችው ንግግር የራሱ ቪዲዮ ይገባዋል፣ ቀጥሎ እሱን እሠራለሁ። እስካሁን ሰብስክራይብ ካላደረጋችሁ አድርጉ፣ ደወሉንም ተጫኑት። የሕግ ተማሪ ካላችሁም ላኩለት።