በቡና ቆርቆሮ የተጋገረ ዳቦ

እንደምን አመሻችሁ? እናቶች፣ አባቶች፣ በተለይ እናንተ ልጆቼ፣ እንኳን መጣችሁ።

ስለ ወጣትነት እንድናገር ስጠየቅ ትዝ ያለችኝ ጎረቤቴ ናት። እዚሁ ሳን ፍራንሲስኮ ለዓመታት ግድግዳ ተጋርተን ኖረናል። አሜሪካዊት ናት፣ እኩያዬ። እ.ኤ.አ. በ1967፣ ገና በ17 ዓመቷ፣ ለእናቷ ሳትናገር አውቶቡስ ተሳፍራ እዚሁ ከተማ ያለው ሄይት አሽበሪ ሰፈር ገባች። ቤታቸው ምንም አልጎደለም። ግን የሰፈሯ ልጆች በየተራ ለቬትናም ጦርነት እየተመለመሉ ሲሄዱ እራት ላይ ማንም አያነሳውም ነበር። «ያባረረኝ ዝምታው ነው» ትላለች።

በዚያ በጋ እስከ 100 ሺህ የሚገመት ወጣት ወደዚያች ጠባብ ሰፈር ጎረፈ። ሂፒ የተባሉት እነሱ ናቸው፤ አበባውን፣ ጊታሩን፣ ረጅሙን ጸጉር በፎቶ አይታችሁታል። እኔ የማወራችሁ ስለ ዳቦው ነው።

ዲገርስ የሚባሉ ልጆች ነበሩ። ከገበያ የተረፈ አትክልት ለምነው ወጥ ይሠራሉ። ከሰዓት በኋላ መናፈሻው ላይ ለመጣ ሁሉ በነጻ ያበላሉ። ሳንቲም አይጠየቅም፣ ስምም አይጠየቅም። ዳቦውን የሚጋግሩት በባዶ የቡና ቆርቆሮ ነው። ሊጡ ሲበስል ከቆርቆሮው አፍ አልፎ ይነሳና እንደ እንጉዳይ ቆብ ያወጣል። ጎረቤቴ አንድ ቀን ጋግራ አቀመሰችኝ። ድፎ ለለመደ አፍ ደረቅ ይላል። ስትቆርሰው ግን እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ዕፁን ሳላነሳ ባልፍ እናንተን ማታለል ይሆንብኛል። ኤልኤስዲ የሚባለው፣ የሌለ ነገር የሚያሳይ ዕፅ በካሊፎርኒያ ከ1966 ጀምሮ በሕግ ተከልክሏል፤ መንገዱ ላይ ግን ሞልቶ ነበር። ብዙ ልጅ ተጎድቶበታል። አጠገቧ ወለል ላይ የምትተኛ ልጅ አንድ ሌሊት ራሷን ሳተች። ተሸክመው የሮጡት ዶክተር ዴቪድ ስሚዝ በዚያው ዓመት በጁን ወር ወደ ከፈተው ነጻ ክሊኒክ ነው። ልጅቷ ተረፈች። ጎረቤቴ በነጋታው ተመልሳ «ምን ላግዝ?» አለች። መጥረጊያ ሰጧት።

ኦክቶበር 6 ቀን የሰፈሩ ልጆች ራሳቸው «ሂፒ ሞቷል» ብለው የሬሳ ሣጥን ተሸክመው በሄይት ጎዳና ዞሩ። ብዙው ልጅ ወደ ቤቱ ገባ። እሷ ከነመጥረጊያዋ ቀረች፤ ኋላም ነርስ ሆነች። «መንገዱን ስተናል፤ ጥያቄያችን ግን ትክክል ነበር» ትላለች። እኔም አምናታለሁ።

እናንተ ወላጆች፣ እባካችሁ፣ ልጆቻችሁ ከባድ ጥያቄ ሲያመጡ እራት ላይ ዝም አትበሏቸው። መልሱን ባታውቁትም አብራችሁ ተቀመጡ።

ጎረቤቴ ለእናቷ የደወለችው ከስንት ወር በኋላ ነው። እናትየው አልተቆጣችም። መጀመሪያ የጠየቀቻት «በልተሻል?» ብላ ነው።

ዛሬ ጠዋት አራት ቆርቆሮ ጋግራ ይዛልን መጥታለች። ያው፣ ከኋላ ተቀምጣለች። ቡናው እየፈላ ነው፤ ኑ፣ እንቁረስ።