«ከግቢ ይውጣ» የተባለ ውሻ የት ይሄዳል?

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፤

ለዛሬው ጠቅላላ ጉባኤ በቀረበው የመተዳደሪያ ደንብ ማሻሻያ ውስጥ አንድ ቤተሰብ ከአንድ ውሻ በላይ እንዳያሳድግና ትርፉ በ15 ቀን ውስጥ ከግቢ እንዲወጣ የሚያዝ አንቀጽ ሰፍሯል። ገደቡን እደግፋለሁ፤ «ከግቢ ይውጣ» የሚለውን ግን እንድትሰርዙት እለምናችኋለሁ።

ገደብ የሚያስፈልገን ለምን እንደሆነ በየቀኑ አያለሁ። በእኛ ብሎክ ሦስተኛ ፎቅ፣ ደረጃው መታጠፊያ ላይ፣ ሁለት ውሾች በአጭር ገመድ ከብረቱ ጋር ታስረው ይውላሉ፤ የውኃ ጣሳቸው አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ነው። አራተኛ ፎቅ የሚኖሩ አንዲት እናት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ፣ አብሯቸው የሚወጣ ሰው እስኪያገኙ ድረስ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ምድር ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። በጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት ደረጃው የጋራ መጠቀሚያችን ነውና ማንም ውሻ ሊያስርበት አይገባም።

ይሁንና የሚባረረው ውሻ ከሰፈራችን ርቆ አይሄድም። ባለፈው ክረምት አንድ ማለዳ፣ ቆሻሻ ማጠራቀሚያው አጠገብ በካርቶን የተጣሉ አራት ቡችሎች አገኘሁ፤ ሁለቱ ሌሊቱን በዘነበው ዝናብ ሞተው ነበር። ያን ካርቶን እስካሁን አልረሳሁትም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም፤ ወደ ሰው የሚተላለፈውም ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ በውሻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ የመተላለፍ ሰንሰለቱ ይበጠሳል። እንግዲህ ቤት ውስጥ ተከትቦ ከሚኖር ሁለተኛ ውሻ ይልቅ፣ የሚያስከትበው ባለቤት አጥቶ ማታ በራችን ላይ የሚተኛው ለልጆቻችን የበለጠ ያሰጋል።

የሻንጋይ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2011 ለአንድ ቤት አንድ ውሻ ብቻ ስትፈቅድ፣ የሚወለዱ ቡችሎች ሦስት ወር ሳይሞላቸው ለሌላ አሳዳጊ እንዲሰጡም ደንግጋለች። ቁጥሩን ከመወሰኗ ጋር የቡችሎቹን መድረሻም አስባበታለች።

ስለዚህ ዛሬ በግቢያችን ያሉት ውሾች፣ ባለቤታቸው በየዓመቱ የክትባት ካርዳቸውን ለኮሚቴው እያሳየ፣ ዕድሜያቸው እስኪያበቃ እዚሁ ይቆዩ፤ የአንድ ውሻ ገደቡም ከዛሬ በኋላ በሚመጡት ላይ ይጽና። አንቀጹ በዚህ መልክ ተስተካክሎ ለድምፅ እንዲቀርብ የተከበሩ ሰብሳቢያችንን በአክብሮት እጠይቃለሁ።