ሰብሬ የማያቸው እንጨቶች

ጤና ይስጥልኝ፤ ዛሬም ብቻዬን ነኝ። ድምፄ የሚያስተጋባው ከጋራዤ ውስጥ ስለምቀዳ ነው። መኪናችን ውጭ በረዶ ላይ ታድራለች፤ በእሷ ቦታ የአውሮፕላን ክንፍ ጎድኖች ተደርድረዋል።

የምሠራው ስካይቦልት የሚባለውን ባለ ድርብ ክንፍ የስፖርት አውሮፕላን ነው። የነደፉት ላማር ስቲን እዚሁ ዴንቨር የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነበሩ፤ የመጀመሪያውን የሠሩትም ተማሪዎቻቸው ናቸው። በ1970 በረረ፤ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው። አካሉ በብየዳ የተያያዘ የብረት ቱቦ፣ ክንፉ እንጨት፣ ልብሱ ጨርቅ ነው። ጨርቁ የሚወጠረው በምን መሰላችሁ? በልብስ ካውያ! ባለቤቴ ይህን ከሰማች ወዲህ ካውያዋን ደብቃለች።

ክንፉ ለምን ተደረበ? ሰማይ ላይ መገለባበጥ ለሚወድ ሰው አጭር ክንፍ ይሻለዋል፤ ቶሎ ይዞራል። አጭር ክንፍ ግን ብቻውን ለመሸከም ስፋት ያንሰዋል። ስለዚህ ሁለቱን ደራርበው በምሰሶና በሽቦ ያስሯቸዋል። የዚህኛው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰባት ሜትር ተኩል አይሞላም።

ደሴ ያለችው እናቴ በስልክ «ልጄ፣ ሰው የሠራው አልበቃ ብሎህ ነው?» ትለኛለች። እስካሁን በሳቅ ነበር የማልፋት።

አንድ ጎድን ባጣበቅሁ ቁጥር በዚያው ኮላ ሁለት ቁራጭ እንጨቶችም አጣብቃለሁ። ኮላው ከደረቀ በኋላ በመዶሻ እሰብራቸዋለሁ። እንጨቱ ራሱ ከተቀደደ ኮላው ይዟል፤ በመጋጠሚያው በኩል ከተላቀቀ ግን ጎድኑም አይታመንም። ባለፈው ወር ጋራዡ ቀዝቅዞ ባደረ ማግስት ቁራጩ በአንድ ምት ለሁለት ተላቀቀ፤ እንጨቱ ላይ ጭረት እንኳ የለም። ጎድኑ ደግሞ ከሠራኋቸው ሁሉ የሚያምረው ነበር።

ይዤው ለረጅም ጊዜ ቆምሁ። ተማሪ ሳለሁ ቀይ እስክሪብቶ የበዛበትን የደብተር ገጽ ገንጥዬ ኪሴ የምከት ልጅ ነበርሁ። ይህም ጨርቅ ከለበሰ በኋላ ማን ያየዋል? የአሜሪካ ሕግ ከሥራው የሚበልጠውን እጅ ለገቢ ሳይሆን ለፍላጎቱ የሚሠራው ሰው ራሱ እንዲሠራ ያዛል እንጂ በየሌሊቱ አጠገቤ አይቆምም። ግን አውሮፕላኑ ሁለት ወንበር አለው፤ የፊተኛውን ልጄ ከአሁኑ ይዞታል። ጎድኑን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ሰበርሁት።

ማሞቂያ ገዝቻለሁ። ትናንት ማታ ሌላ ቁራጭ ሰበርሁ፤ እንጨቱ ተቀደደ።