ልጆቹ እያሟረቱ አይደለም

የተከበራችሁ ወላጆች፣ ውድ ተማሪዎቼ፣ እንደምን ዋላችሁ?

ባለፈው ወር እዚሁ አዳራሽ ውስጥ፣ በእረፍት ሰዓት፣ አምስት ስድስት ልጆች አንድ ጠረጴዛ ከበው ይጨቃጨቁ ነበር። ጭቅጭቁ ስለ አንድ የኮሚክ፣ በሥዕል የሚተረክ መጽሔት፣ ጀግና ነው። ይሞታል፣ አይሞትም። አንዱ «የሚቀጥለውን እትም ሽፋን አላየህም? ጥላው ብቻ ነው የተሳለው!» ይላል። አንዷ ደግሞ «እሱ ከሞተ እኔ ማንበቤን አቆማለሁ» ትላለች። ልጃቸውን ሊወስዱ የመጡ አንዲት እናት ሰሟቸውና ደነገጡ። «ምን ሟርት ነው ይሄ? በጠዋቱ ሞት ሞት የምትሉት!» አሏቸው። ልጆቹ ጸጥ አሉ።

እኔም ጸጥ አልኩ። አልተከፋሁባቸውም፤ እናቴም ብትሰማ ይህንኑ ነበር የምትለው። ግን መናገር ሲገባኝ ዝም ማለቴ ሲከነክነኝ ሰነበተ። ዛሬ የወላጆች ቀን ስለሆነ፣ ያን ቀን ያልተናገርኩትን ልናገር ነው የቆምኩት። ዓመቶቹን እዚህ በምንኖርበት አቆጣጠር ነው የምጠራው።

እዚህ አሜሪካ የኮሚክ አንባቢ ስለ ጀግናው ሞት መገመት የጀመረው ዛሬ አይደለም። ትልቁ ወሬ የሱፐርማን ነው። ዲሲ የተባለው አሳታሚ ሱፐርማንን ሊገድለው መሆኑ አስቀድሞ ተሰማ። ኮሚክ ነክቶ የማያውቅ ሰው ሁሉ ስለሱ አወራ። 1992 ኖቬምበር 18 ቀን ቁጥር 75 ሲወጣ፣ በየኮሚክ ሱቁ በር ላይ ሰልፍ ነበር። በሚሊዮን የሚቆጠር ቅጂ ተሸጠ። እትሙ በጥቁር ላስቲክ ታሽጓል። ውስጡ ክንድ ላይ የሚታሰር የሐዘን ጨርቅ አለ። ብዙዎች ወደፊት ይወደዳል ብለው አምስትም አሥርም ገዙ። አልተወደደም። በሁሉም ሰው ቤት ያለ ነገር እንዴት ይወደዳል?

እኔን የሚገርመኝ ሽያጩ አይደለም። አሳሳሉ ነው። የመጨረሻው ድብድብ በአራት ተከታታይ እትሞች ነው የተተረከው። በመጀመሪያው፣ አንድ ገጽ ላይ አራት አራት ሥዕል አለ። በሚቀጥለው ሦስት ሦስት። ከዚያ ሁለት ሁለት። በመጨረሻው፣ ሱፐርማን በሚሞትበት እትም፣ ገጹ በሙሉ አንድ ሥዕል ብቻ ነው። አንባቢው ሳይነገረው መጨረሻው መቅረቡን ያውቃል። እኛ አገር መርዶ ነጋሪ እንዲሁ አይደል የሚያደርገው? በማለዳ ይመጣል። ስለ መንገዱ ያወራል፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱ። ወሬው እያጠረ፣ እያጠረ ይሄዳል። ዝም ሲል ሁሉም ገብቶታል።

ሱፐርማን ዓመት ሳይሞላው ተመለሰ። እሱን ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

ሟርት የሚለው ቃል በእውነት የሚገባው ነገር ካለ፣ በ1988 የሆነው ነው። የባትማን ረዳት ሮቢን፣ ያን ጊዜ ጄሰን ቶድ የሚባል ልጅ ነበር። ብዙ አንባቢ አይወደውም። በአንድ እትም ላይ የባትማን ጠላት ጆከር በብረት ይደበድበውና ፈንጂ ከተጠመደበት ቤት ውስጥ ትቶት ይሄዳል። ፈንጂው ይፈነዳል። ታሪኩ እዚያ ላይ ይቆማል። ከኋላ ሁለት ስልክ ቁጥር ታትሟል። በአንዱ ከደወልክ ልጁ ይትረፍ፣ በሌላው ከደወልክ ይሙት። አንድ ጥሪ 50 ሳንቲም ነው። መስመሩ ለ36 ሰዓት ክፍት ሆነ። ይትረፍ ያሉ 5,271። ይሙት ያሉ 5,343። በ72 ስልክ ልጁ ሞተ።

ይህን ቁጥር ባሰብኩ ቁጥር ይቀፈኛል። መገመት ሌላ፣ መፍረድ ሌላ። የሚገምት ልጅ ለጀግናው ይፈራለታል። ስልኩን ያነሳው ሰው ግን አልፈራም። ጄሰን ቶድ በ2005 ወደ ታሪኩ ተመለሰ። ተቆጥቶ ነው የተመለሰው፤ እውነቱን ነው እላለሁ።

አሁን የራሴን ልንገራችሁ።

ከደሴ ወደዚህ አገር የመጣሁት በ12 ዓመቴ ነው። ሁለት ዓመት እንግሊዝኛ እየሰማሁ አፌን ዘግቼ ኖርኩ። በ2010 መጨረሻ ላይ አንድ ወሬ መጣ። ማርቭል የተባለው ሌላው አሳታሚ፣ ፋንታስቲክ ፎር ከሚባሉት አራት ጀግኖች አንዱ ሊሞት ነው አለ። ማን እንደሆነ አልተናገረም። አራቱ ቤተሰብ ናቸው። ሳይንቲስቱ ሪድ፣ ሚስቱ ሱ፣ እሳት የሚሆነው ወንድሟ ጆኒ፣ ገላው ድንጋይ የሆነው ጓደኛቸው ቤን። ከትምህርት ቤት መልስ ኮሚክ ሱቁ ውስጥ እንሰበሰብና ስንከራከር እንውላለን። ቤን ነው የሚለው ይበዛል። ሱ ናት የሚልም አለ፤ እናት ስትሞት ነው ቤት የሚፈርሰው ይላል።

አንድ ቀን አፌ ተከፈተ። «ጆኒ ነው» አልኩ። ለምን አሉኝ። «ቀልደኛው እሱ ነው። ማንም ቁም ነገር አይጠብቅበትም። ስለዚህ እሱ ነው የሚያደርገው» አልኩ። በእንግሊዝኛ ያን ያህል ተናግሬ አላውቅም ነበር። ልጆቹ አዳመጡኝ። የመጀመሪያ ጓደኞቼን ያገኘሁት ያን ቀን ነው።

በዚያው የገና ሰሞን ቤታችን ውስጥ ሹክሹክታ ነበር። እናቴ ስልክ ይዛ መታጠቢያ ቤት ትገባለች። ቧንቧ ትከፍታለች። ጎረቤቶች ቡና ሊጠጡ ይመጣሉ፣ እኔ ስገባ ወሬ ይቀይራሉ። ደሴ ያለው አያቴ፣ አባባ የምለው፣ ታሞ እንደነበር አውቃለሁ። መጠየቅ ግን አልቻልኩም። ብጠይቅ «አታሟርት!» ነው የምባለው። ስለዚህ ቤት ያልጠየቅኩትን ሱቅ ውስጥ ጠየቅኩ። አንዱ ሲሞት የቀሩት ሦስቱ ምን ይሆናሉ? ወንበሩ ላይ ማን ይቀመጣል? ልጆቹ ስለ ጆኒ የማወራ ይመስላቸዋል። እኔም ይመስለኝ ነበር።

በጃንዋሪ 2011 መጨረሻ ቁጥር 587 ወጣ። እሱም በጥቁር ላስቲክ። ከሌላ ዓለም የሚመጣ ጭፍራ አለ። በሩን ከወዲያ ሆኖ የሚዘጋ ሰው ያስፈልጋል። ቤን በዚያ ሳምንት ድንጋይነቱ ለቆት ተራ ሰው ሆኗል፤ ቢሆንም እኔ ልቅር ይላል። ጆኒ ወደዚህ ገፍትሮ ያሳልፈዋል። በሩን ይዘጋል። ብቻውን ወደ ጭፍራው ይዞራል።

የሚቀጥለው እትም ለቅሶ ነው። ዋናው ታሪክ ያለ ቃል ነው ማለት ይቻላል። ሰዎች ይመጣሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ይሄዳሉ። ለቅሶ ቤት ተቀምጦ የሚያውቅ ሰው ያን ዝምታ ያውቀዋል። መጨረሻ ላይ አንድ አጭር ታሪክ አለች። ስፓይደርማን ከሪድ ትንሽ ልጅ ከፍራንክሊን ጋር ቁጭ ብሎ ያወራል። ልጁ አጎቱን አጥቷል። ስፓይደርማንም ድሮ አጎቱን ያጣ ነው። የደረሰበትን ለልጁ ይነግረዋል።

ያችን ገጽ ስንቴ እንዳነበብኳት አላውቅም። እኔን ግን ማንም አጠገቤ ቁጭ ብሎ አልነገረኝም ነበር።

የአባባ መርዶ የተነገረኝ ከዚያ በኋላ ነው። ያረፈው ከገና በፊት ኖሯል። ትልልቆቹ ከበውኝ፣ እንባዬን ሲጠብቁ፣ አላለቀስኩም። እናቴ ልቤ የደነደነ መሰላት። አልቅሼ ጨርሼ ነበር። ለጆኒ ያለቀስኩ መስሎኝ።

እናቴን አልወቅሳትም። አገሩ አዲስ፣ ለቅሶው ሩቅ፣ እሷም ብቻዋን ነበረች። ልጅ ሐዘን እንዳይነካው ብላ ነው። ነክቶኝ ነበር እንጂ።

«ለሚመለስ ጀግና ምን ያስለቅሳል?» የሚሉኝ ሰዎች አሉ። ጆኒ በዚያው ዓመት ኖቬምበር፣ ቁጥር 600 ላይ ተመለሰ። ደስ አለኝ፤ ሱቁ ውስጥ ዘለልን። አባባ ግን እንደማይመለስ ያን ጊዜም አውቅ ነበር። ልጆች ይህን ልዩነት አያምታቱትም። ደግሞም ሁሉም በድብድብ አይሞትም። በ1982 ካፒቴን ማርቭል የሚባለው ጀግና በካንሰር ነው የሞተው፤ አልጋው ላይ፣ ጓደኞቹ ከበውት። በዓለም አሉ የተባሉ ሳይንቲስት ጀግኖች ተሰብስበው መድኃኒት ሊያገኙለት አልቻሉም። ወላጆች፣ ከልጆቻችሁ ጋር የምታነቡት ፈልጋችሁ ከጠየቃችሁኝ፣ መጀመሪያ የማውሰው እሱን ነው።

ልጆቹ ጠረጴዛ ከበው «ማን ይሞታል?» ሲሉ ብትሰሙ፣ ወንበር ስባችሁ «አንተ ማንን ትላለህ? ለምን?» ብላችሁ ጠይቋቸው። ለምን የሚለውን አትዝለሉት። ልጁ ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

ያን ጊዜ ቁጥር 587ን ሁለት ቅጂ ነበር የገዛሁት። አንዱ ተነቦ ተነቦ ሽፋኑ ወልቋል። ሁለተኛው ይኸውላችሁ፤ እስከ ዛሬ ከጥቁር ላስቲኩ አልወጣም። ያልተከፈተው ነው ዋጋ ያለው ይሉኛል። ያን ቀን ጠረጴዛ ከብባችሁ የነበራችሁ ልጆች፣ ወደዚህ ኑ። ላስቲኩን የምትቀዱት እናንተ ናችሁ። ወላጆች፣ ወንበራችሁን ይዛችሁ ቀረብ በሉ። ቡናው እስኪፈላ አብረን እናነባለን።